የትርፍ ሰዓት ዋጋ፦ ተቋራጭ የሠራውን ሰዓት ሁሉ ሊያስከፍል ይገባዋልን?

ለማኅበሩ አባሎች የቀረበ ንግግር



በአማርኛ «ተቋራጭ» የሚለው ቃል የመጣው «ቆረጠ» ከሚለው ግስ ነው። ዋጋ መቁረጥ ማለት የሥራውን ስፋት አይቶ፣ ድካሙንና ወጪውን ገምቶ፣ አንድ ገንዘብ ላይ መቆም ነው። ከዚያ በኋላ ትርፍ ቢገኝ የቆራጩ ነው፤ ኪሣራም ቢመጣ የቆራጩ ነው። ስለዚህ «ተቋራጭ የሠራውን የትርፍ ሰዓት ሁሉ ያስከፍል ወይስ አያስከፍል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ከስሙ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ በየሥራው ቦታ በየወሩ መጨረሻ የሚነሣው ጭቅጭቅ ባልኖረም ነበር።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ይህን ጉዳይ ከመሐንዲሱ ቀድሞ ያውቀዋል። ማሳውን ለማሳጨድ ሰው ሲቀጥር መጀመሪያ የሚነጋገረው «በቀን ነው ወይስ በቁርጥ?» ብሎ ነው። በቀን የገባው አጫጅ ፀሐይ ስትጠልቅ ማጭዱን ያነሣል። በቁርጥ የገባው ግን በጨረቃ ብርሃን ቢያጭድም ተጨማሪ አይጠይቅም፤ በግማሽ ቀን ቢጨርስም ከዋጋው አይቀነስበትም። ወንፈል ሲሆን ደግሞ ሒሳቡ የጠበቀ ነው፤ አንድ ቀን የሠራ አንድ ቀን ይሠራለታል። በደቦ ጊዜ ሰዓት የሚቆጥር የለም፤ ነገር ግን ጠላውና እንጀራው ይቀርባል፤ ባለማሳውም በተራው ሲጠራ መቅረት ነውር ይሆንበታል። እነዚህ አራት ሥርዓቶች አንዱ ከሌላው ቢለዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በየትኛው ሥርዓት እንደሚሠራ ሁሉም ወገን ማወቁ ነው።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ገጠር በሚሠሩት የሕንፃና የመንገድ ሥራዎች ላይ የሚታየው ችግር የሚመነጨው ሥርዓቶቹ ከመደባለቃቸው ነው። ተቋራጩ በቁርጥ ይዋዋላል፤ ሥራው ሲያስመሽው በቀን ሒሳብ ይጠይቃል፤ በመጨረሻም በደቦ ምስጋና ይሸኛል። በዚህ መካከል ባሬላ ተሸክሞ ያመሸው የጉልበት ሠራተኛ ሒሳቡን የሚጠይቀው ማንን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

የዚህ ንግግር አሳብ ባጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ የትርፍ ሰዓት ሁሉ ይመዝገብ፤ ለሠራተኛው ሁሉም ይከፈል፤ ከሥራው ባለቤት ግን የሚጠየቀው መነሻው ከባለቤቱ የሆነው ብቻ ይሁን። ከዚህ በታች የሚቀርበው ለዚህ አሳብ የሚደረግ ማስረጃ ነው።

ሁለት ሒሳቦች ናቸው

ስለ ትርፍ ሰዓት ሲነገር ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው በተቋራጩና በሠራተኛው መካከል ያለው ነው። ሁለተኛው በተቋራጩና በሥራው ባለቤት መካከል ያለው ነው። የመጀመሪያውን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሲሆን ሁለተኛውን የሚገዛው ውል ነው።

በመጀመሪያው ሒሳብ ላይ ክርክር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ይህም ልክ በዓለም የሥራ ድርጅት የመጀመሪያው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1919 ለኢንዱስትሪ ከተደነገገው ጋር አንድ ነው። ከዚህ በላይ የሚሠራ ሥራ ትርፍ ሰዓት ነው። ክፍያውም ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይታሰባል። ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በ1.25 እና በ1.5 ያባዛ ስለ ነበር አዲሱ ሕግ የማምሸትን ዋጋ ከፍ አድርጎታል።

ሕጉ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ወሰንም አበጅቷል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። የሚታዘዝባቸውም ምክንያቶች የተቆጠሩ ናቸው፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲያሠጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ በአስቸኳይ መሠራት ያለበት ሥራ ሲኖር፣ ሳይቋረጥ በሚከናወን ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ነው። እንግዲህ ተቋራጩ ከባለቤቱ ገንዘብ አገኘም አላገኘም፣ ሥራው አተረፈውም አከሠረውም፣ ላመሸው ሠራተኛ መክፈል ግዴታው ነው። «ባለቤቱ ስላልከፈለኝ አልከፍልህም» የሚለው ቃል በሕግ ፊት መልስ ሊሆን አይችልም፤ የጉልበት ሠራተኛው ውል ያደረገው ከተቋራጩ ጋር እንጂ ከባለቤቱ ጋር አይደለምና።

በሁለተኛው ሒሳብ ግን ነገሩ ይለወጣል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2610 የሥራ ውልን የሚተረጉመው ተቋራጩ በራሱ ኃላፊነት አንድ የታወቀ ውጤት ሊያስገኝ የሚገባበት፣ ባለቤቱም ዋጋ የሚከፍልበት ውል አድርጎ ነው። የሚሸጠው ውጤት ነው እንጂ ሰዓት አይደለም። አንቀጽ 1764 ደግሞ የውሉ አፈጻጸም ተዋዋዩ አስቀድሞ ካሰበው ይልቅ ከባድ ስለ ሆነበት ብቻ ውሉ ኃይሉን እንደማያጣ ያስረዳል። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ለአንድ ሜትር ኪዩብ አርማታ የተጻፈው ዋጋ አርማታው በቀን ቢሞላም በሌሊት ቢሞላም ያው አንድ ነው።

ዓለም አቀፍ የውል ቅጾችም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፊዲክ የሲቪል ምሕንድስና ሥራዎች ውል አራተኛ እትም በአንቀጽ 45 ተቋራጩ ያለ መሐንዲሱ ፈቃድ በሌሊትና በአካባቢው በታወቁ የዕረፍት ቀኖች እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ሕይወትንና ንብረትን ለማዳን ወይም ለሥራው ደኅንነት የግድ ሲሆን ግን ይፈቅዳል። በአንቀጽ 46 ደግሞ ተቋራጩ በራሱ መዘግየት ምክንያት ለመፋጠን ብሎ ሲያመሽ ተጨማሪ ክፍያ እንደማያገኝ፣ እንዲያውም ማምሸቱ በባለቤቱ ላይ የሚያስከትለውን የተቆጣጣሪዎች ወጪ ተቋራጩ እንደሚሸከም ይደነግጋል። አማካሪ መሐንዲሶችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። የዓለም ባንክ በጊዜ ለሚታሰብ የአማካሪ አገልግሎት የሚጠቀምበት መደበኛ ውል በተለየ ካልተጻፈ በቀር ለባለሙያው ትርፍ ሰዓት እንደማይከፈል፣ ለወሩ የተወሰነው ክፍያ ይህን እንደሚያጠቃልል ይገልጻል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መሠረታዊ ደንብ ይህ ነው፦ በቁርጥ ለተያዘ ሥራ የትርፍ ሰዓት የተቋራጩ ሸክም ነው፤ ሸክሙ ወደ ባለቤቱ የሚዞረው ምክንያቱ ከባለቤቱ መምጣቱ ሲታወቅ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው እንግዲህ ምክንያቱን ለይቶ በማወቅ ላይ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

በምዕራብ ጎጃም የግንባታ ሥራ እንዲያመሽ የሚያደርጉት ነገሮች ብዙ ናቸው። ባለፉት ዓመታት በዚህ አካባቢ በርካታ ሥራዎች ተከናውነዋል። በሜጫ 7,000 ሄክታር ለማልማት የታቀደው የቆጋ መስኖ ግድብ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ፣ በየቀበሌው የተሠሩት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ከነዚህ ይቆጠራሉ። ትልቁም ሆነ ትንሹ ሥራ የሚታገለው ከተመሳሳይ ነገሮች ጋር ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሳያቋርጥ ይዘንባል፤ የላህና የብር ወንዞች ይሞላሉ፤ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ይሆናል፤ የአፈር ሥራ ይቆማል። ከዚህም የተነሣ ተቋራጩ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወሮች የዓመቱን ሥራ ለመጨረስ ይጣደፋል፤ ያመሻልም። ነገር ግን የጎጃም ክረምት ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ዘንድሮ የዘነበው አምናም ዘንቦ ነበር። በክረምት ምክንያት በበጋ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ቦታው የዋጋ ማቅረቢያው ነው፤ በኋላ የሚቀርብ የካሣ ጥያቄ ሊሆን አይገባውም።

ሁለተኛው የበዓላት ነገር ነው። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሲሆን የገጠሩ ሰው ሞፈርና ቀንበር አያነሣም፤ ለቅዳሴው ይሄዳል፤ ዝክር ይጠጣል። በነዚህ ቀኖች ለአርማታ ሥራ አርባ ሰው እሰበስባለሁ የሚል ፎርማን በባዶ እጁ ይመለሳል። የቀረውን ቀን ለማካካስ በማግስቱ ማምሸት ይመጣል። ከላይ የተጠቀሰው የፊዲክ ውል «በአካባቢው በታወቁ የዕረፍት ቀኖች» ሲል የሚናገረው እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ ሆኖም በብዙ ውሎች ላይ የትኞቹ ቀኖች እንደ ሆኑ ተለይቶ አይጻፍም። የሕዝብ በዓል ተብሎ በሕግ የታወጀው ሌላ፣ የደብሩ ታቦት የሚነግሥበት ቀን ሌላ ነው። ይህን የማያውቅ ከሩቅ የመጣ ተቋራጭ የሥራ መርሐ ግብሩን ሲያወጣ በወር ውስጥ አምስትና ስድስት ቀን ይሳሳታል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የአጥቢያውን ሰዎች መጠየቅ፣ ቀኖቹንም በውሉ አባሪ ላይ ማስፈር ነው።

ሦስተኛው የዕቃ መዘግየት ነው። ሲሚንቶና ፌሮ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ አቅጣጫ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው። መኪና በመንገድ ሲቆም ሠራተኛው ቀኑን ሥራ ፈትቶ ይውልና ዕቃው ሲደርስ ያመሻል። እንዲህ ያለው መዘግየት በመደበኛ ጊዜ የተቋራጩ ነው፤ ዕቃ አቅርቦ መሥራት ውሉ የጣለበት ግዴታ ነውና። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የተነሣ መንገድ ሲዘጋ የታየው መስተጓጎል ከተራ መዘግየት ጋር ሊቆጠር አይችልም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1792 እንደሚያስረዳው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል፣ ውሉንም ከመፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ሲያጋጥም ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ይባላል። በዚህ ጊዜ ተቋራጩ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጊዜ ማራዘሚያ ሊሆን ይገባዋል። ማራዘሚያ ተከልክሎ «በቀድሞው ቀን ጨርስ» ከተባለ ግን የሚመጣው ማምሸት የባለቤቱ ትእዛዝ ያመጣው ነው።

አራተኛውና አስቸጋሪው የምረቃ ቀን ነው። ሥራው በውሉ መሠረት ለሚያዝያ የሚደርስ ሆኖ ሳለ አንድ የሥራ ኃላፊ ቦታውን ሊጎበኝ ይመጣና «ለየካቲት መጨረሻ ለምረቃ ይድረስ» ብሎ ይሄዳል። ትእዛዙ የቃል ነው። ደብዳቤ አይጻፍም፤ ዋጋ አይነሣም። ተቋራጩም በሚቀጥለው ጨረታ በክፉ ዓይን እንዳይታይ ፈርቶ «እሺ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጄኔሬተር ተከራይቶ፣ መብራት ሰቅሎ፣ ሠራተኛውን በሁለት ፈረቃ አሰልፎ ሌሊቱን ቀን ያደርገዋል። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ያን ሁሉ ወጪ ሲጠይቅ «ማን አዘዘህ?» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ይህ ሰዓት ሳይጠራጠሩ ሊከፈል የሚገባው ሰዓት ነበር፤ የጠፋው አንድ ገጽ ወረቀት ባለመኖሩ ነው።

የአንድ ሶሌታ ምሳሌ

ነገሩ በቁጥር እንዲታይ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በማንኩሳ አቅራቢያ ባለ አንድ ፎቅ የትምህርት ቤት ሕንፃ ይሠራል እንበል። የሶሌታው ርዝመት 20 ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አርማታው 36 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በቦታው ያለው አንድ ሚክሰር በሰዓት 3 ሜትር ኪዩብ ቢያወጣ ሥራው 12 ሰዓት ይወስዳል። ሶሌታ ደግሞ በመካከሉ ተቋርጦ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም፤ ሲሚንቶ ውኃ ከነካው በኋላ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ መጠንከር ይጀምራልና አዲሱ አርማታ ከአሮጌው ጋር በማይገባ ቦታ ሲገናኝ ደካማ መጋጠሚያ ይፈጠራል። ስለዚህ ከጧቱ 1 ሰዓት የተጀመረ ሥራ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መቀጠሉ ግድ ነው። ከ12ቱ ሰዓት 8ቱ መደበኛ፣ 4ቱ ትርፍ ነው፤ በሕጉ ወሰን ልክ ያርፋል።

አርባ ሠራተኛ አለ እንበል፤ ለስሌት እንዲመች የአንዱ የቀን ደመወዝ 400 ብር ይሁን። የሰዓቱ 50 ብር፣ የትርፍ ሰዓቱ 75 ብር ይሆናል። ለአርባ ሰው የአራት ሰዓት ትርፍ 12,000 ብር ነው። ይህን ገንዘብ ተቋራጩ ከባለቤቱ ሊጠይቅ ይገባዋልን? አይገባውም። የሶሌታውን ስፋት ከሥዕሉ አይቷል፤ የሚክሰሩን አቅም ያውቃል፤ ሥራው 12 ሰዓት እንደሚፈጅ ለማወቅ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ይበቃው ነበር። ይህ 12,000 ብር ዋጋ ሲቆረጥ በአርማታው የነጠላ ዋጋ ውስጥ መግባት የነበረበት ነው። መጥኖ መደቆስ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ፌሮውን መርምሮ አርማታው እንዲሞላ መፍቀድ የሚገባው የባለቤቱ ተቆጣጣሪ፣ በጽሑፍ ለጧቱ 1 ሰዓት ተጠርቶ ሳለ በ4 ሰዓት ደረሰ እንበል። አርባው ሰው ሦስት ሰዓት ቆሞ ጠበቀ፤ ሥራውም በምሽቱ 1 ሰዓት ሊያልቅ ሲገባው በምሽቱ 4 ሰዓት አለቀ። የተጨመረው ሦስት ሰዓት ለአርባ ሰው 9,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ተቋራጩ በሥዕል ሊያየው፣ በስሌት ሊደርስበት አይችልም ነበር።

ምሳሌው አንድ ሌላ ነገርም ያስተምራል። ያው ሠራተኛ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከቆየ የትርፍ ሰዓቱ 7 ይሆናል፤ ሕጉ የፈቀደው ግን 4 ነው። 9,000 ብሩን ባለቤቱ ቢከፍለውም ገንዘቡ ሕጉን አይሽርም፤ በአሥራ አራተኛው ሰዓት ባሬላ ተሸክሞ መሰላል የሚወጣውን ሰው ድካምም አያስወግድም። ሥራው የዘገየ እንደ ሆነ ወይ ሁለተኛ ቡድን መጥራት፣ ወይ ሙሌቱን ለሌላ ቀን ማሳደር የፎርማኑ ሳይሆን የመሐንዲሱ ውሳኔ ነው። ሙሌቱ ካልተጀመረ ማሳደር ይቻላል፤ ከተጀመረ በኋላ ግን አይቻልም።

ስለዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ቢዝነስ ራውንድቴብል የተባለው የኩባንያ መሪዎች ማኅበር ያወጣው ጥናት የሚጠቀስ ነው። በሳምንት 60 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራበት መርሐ ግብር ከሁለት ወር ገደማ በላይ ሲቀጥል፣ በድካም የሚጠፋው ውጤት ተደምሮ ሥራው ያለ ትርፍ ሰዓት ሊያልቅበት ከሚችለው ቀን እንኳ እንደሚዘገይ ጥናቱ አመልክቷል። ትርፍ ሰዓት ለአንድ ሶሌታ መድኃኒት ነው፤ ለአንድ ፕሮጀክት ግን ልማድ ሲሆን በሽታ ይሆናል።

ያልተጠየቀ ሰዓት ወዴት ይሄዳል?

ከአባሎች መካከል አንዳንዶቹ «ጥቂት ሰዓት ለምን ያጨቃጭቃል? ለወዳጅነት ይተው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከመልካም ልብ የወጣ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉት አነስተኛ ተቋራጮች ከወረዳው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጋር በአንድ ዕድር፣ በአንድ ማኅበር የሚገናኙ ናቸው። ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ለዘጠኝ ሺሕ ብር ሲሉ ሰው ማስቀየም ነውር መስሎ ይታያቸዋል። ነገር ግን ያልተጠየቀ ሰዓት ጠፍቶ አይቀርም፤ በሌላ በር ይወጣል።

የሚወጣባቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው በር የሠራተኛው ኪስ ነው። ተቋራጩ ያልተቀበለውን አይከፍልም፤ «ነገ እንተሳሰባለን» ይባላል፤ ከሩቅ ቀበሌ የመጣው ወጣትም አዝመራ ሲደርስ ሒሳቡን ሳይቀበል ወደ አገሩ ይገባል። ሁለተኛው በር አርማታው ነው። በሜትር ኪዩብ 350 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ እንዲገባበት ከታዘዘው ሶሌታ ከየሜትር ኪዩቡ አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ብትቀር ከ36ቱ ሜትር ኪዩብ 36 ከረጢት ይተርፋል። ከሙሌቱ በኋላ ለሰባት ቀን ውኃ ማጠጣት የነበረበት ዘበኛ በሦስተኛው ቀን ሲያቆም የሚያየው የለም። ማንም ባለሙያ ይህን በጤና ልቡ አያደርገውም፤ ነገር ግን የጎደለ ሒሳብ የያዘ ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሶሌታ ሥር የሚማሩት ሕፃናት የይሉኝታውን ዋጋ እንዲከፍሉ ማድረግ ከጭቅጭቅ የባሰ ነውር ነው።

ሦስተኛው በር የሚቀጥለው ጨረታ ነው። ባለቤቱ በዋጋው መዝገብ ላይ የሚያየው ያለቀውን ሥራና የተከፈለውን ገንዘብ ነው፤ የተሠዋው ሌሊት በመዝገቡ ላይ የለም። ስለዚህ የሚመጣውን ዓመት ግምት ሲያወጣ ያንን ሌሊት በነፃ እንደሚያገኝ አድርጎ ያስባል። ሌሎችም ተቋራጮች በዚያው ዋጋ ይወዳደራሉ። አንድ ሰው በይሉኝታ የተወው ሰዓት ለሙያው ሁሉ የውሸት ዋጋ ሆኖ ይቀመጣል።

በሌላ ወገን «የሠራነው ሁሉ ይከፈለን» የሚሉ አሉ። የነዚህም አቋም ቢታይ ሙያውን የሚጠቅም አይደለም። ሰዓት ሁሉ የሚከፈል ከሆነ የሚፋጠን ሠራተኛ፣ በደንብ የታቀደ ሥራ፣ በጊዜው የተጠገነ ሚክሰር ዋጋ ያጣል፤ የሚያተርፈው የሚያዘገየው ይሆናል። ጥፋቱን አፍርሶ በሌሊት እንደገና የሠራ ተቋራጭ ለራሱ ስሕተት ዋጋ ሊቀበል ነው ማለት ነው። ሕዝብ ከግብር አዋጥቶ የሚያሠራውን ትምህርት ቤት በእንዲህ ያለ ሒሳብ ማሠራት ደግሞ ከሕዝቡ ላይ መውሰድ ነው። በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሰው የቁርጥን ትርፍ ሲወድድ የቁርጥንም ኪሣራ መቀበል አለበት።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነገረው በመነሣት ለአባሎች አምስት አሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፤ ዋጋ ሲቆረጥ የታወቀው ማምሸት ሁሉ አብሮ ይቆረጥ። የሶሌታ ሙሌት፣ ከክረምት በፊት የሚደረገው መጣደፍ፣ የአጥቢያው በዓላት በነጠላ ዋጋው ውስጥ ይግቡ። በአካባቢው የታወቁት የዕረፍት ቀኖች በውሉ አባሪ ላይ በስም ይዘርዘሩ።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ የትርፍ ሰዓት በዚያው ቀን ይመዝገብ። መዝገቡ የሠራተኛውን ስም፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት፣ የተሠራውን ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምክንያቱን ይያዝ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ይጻፍ፤ የባለቤቱ ተቆጣጣሪ በማግስቱ ይፈርም። የማይጠየቀውም ሰዓት ቢሆን ይጻፍ፤ ለሚቀጥለው ዋጋ የሚያስፈልገው እርሱ ነው።

ሦስተኛ፤ ምክንያቱ በሦስት ይከፈል። ከተቋራጩ የመጣው፣ ማለት የዕቅድ ጉድለት፣ የመሣሪያ ብልሽት፣ የተሳሳተ ሥራ ማፍረስ፣ በራሱ ይቅር። ከባለቤቱ የመጣው፣ ማለት የሥዕል መለወጥ፣ የቦታ ርክክብ መዘግየት፣ የተቆጣጣሪ መቅረት፣ ከውሉ ቀን በፊት ጨርስ መባል፣ ከነማስረጃው ይጠየቅ። ከሁለቱም ያልሆነው፣ እንደ ድንገተኛ ጎርፍና እንደ መንገድ መዘጋት ያለው፣ በመጀመሪያ በጊዜ ማራዘሚያ ይታይ።

አራተኛ፤ የቃል ትእዛዝ በዚያው ቀን በጽሑፍ ይረጋገጥ። «ዛሬ በቦታው ተገኝተው ሥራው በዚህ ቀን እንዲያልቅ ባዘዙት መሠረት በሁለት ፈረቃ መሥራት እንጀምራለን፤ ወጪውም ይህን ያህል ይሆናል» የምትል አጭር ደብዳቤ ማንንም አታስቀይምም። ያዘዘው ሰው ትእዛዙን ማንሣት ከፈለገ ገና ጊዜ አለው፤ ካላነሣው ግን ዋጋውን አውቆ አዝዟል ማለት ነው።

አምስተኛ፤ ለሠራተኛው ሳይዘገይ ይከፈል። በተቋራጩና በባለቤቱ መካከል ያለው ክርክር ወር ቢወስድ ዓመትም ቢወስድ ሠራተኛው በደመወዙ ቀን የትርፍ ሰዓቱን ይቀበል። ማኅበሩ ለአባሎቹ አንድ ወጥ የትርፍ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ ቢያዘጋጅ፣ ከትምህርት ቤት ለሚወጡት ወጣት መሐንዲሶችም አሞላሉን ቢያስተምር ከብዙ ክርክር ያድናል።

የተከበራችሁ አባሎች፤

ተቋራጭ ሁሉን ያስከፍል ብሎ መናገር ቃሉን ማጥፋት ነው፤ ምንም አያስከፍል ማለትም ሥራውን ማጥፋት ነው። የገጠሩ ገበሬ አጫጁን ከማሰማራቱ በፊት «በቀን ነው ወይስ በቁርጥ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዝናብ ከመጣ፣ ቀኑ ከጠለቀ ምን እንደሚሆንም አብሮ ይነጋገራል። የሚጽፈው ወረቀት የለውም፤ ቃሉን የሚሰሙ ጎረቤቶች ግን አሉት። የምሕንድስና ሙያ ወረቀትም፣ ሕግም፣ የውል ቅጽም አለው። ከዚህ በኋላ በማንኩሳ መንገድ ዳር በመብራት የሚሞላ ሶሌታ ሲታይ የአርባው ሠራተኛ ስም፣ የገቡበትና የወጡበት ሰዓት፣ ያመሹበትም ምክንያት በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፎ ከተገኘ ጥያቄው በግማሽ ተመልሷል። የቀረውን ግማሽ የሚመልሰው መዝገቡን አንብቦ የራሱን ዕዳ ከሌላው ዕዳ የሚለይ ሰው ነው።